ከባንክ ወደ ሱቅ፦ ብሩ የማን ነው?

ባንክ ብድር ክፍል ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው አንድ ነጋዴ ሦስት ሂሳብ እንዳለው ያውቃል። ለባንክ የሚቀርበው ያተርፋል። ለገቢዎች የሚቀርበው እምብዛም አያተርፍም። እውነተኛው በባለሱቁ ጭንቅላትና መሳቢያ ውስጥ በምትቀመጥ ጥጓ የተላጠ ደብተር ላይ ነው። ጠረጴዛ ተደግፎ ለሚያየው ነገሩ ያስቃል። ደብተሯ የአባት ከሆነችና ከነገ ጀምሮ ከእሷ የሚበላው የራስ ቤተሰብ ከሆነ ግን ሳቁ ያጥራል።

ቢዝነስ ተምረው፣ ባንክ ወይም ትልቅ ድርጅት ፋይናንስ ውስጥ ሠርተው ወደ ቤተሰብ ሱቅ የሚመለሱ ልጆች ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመጡት የማስፋፊያ ሐሳብ ነው፦ ሁለተኛ ቅርንጫፍ፣ ሶፍትዌር፣ ከቻይና በቀጥታ ማስመጣት። የማውቀውን የሕንፃ መሣሪያ ንግድ ብወስድ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶና ቱቦላሬ የሚሸጥ የመርካቶ መደብር ላይ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከፊሉ የአቅራቢው ነው፣ ከፊሉ የመንግሥት ታክስ ነው፣ ከፊሉ የዕቁቡ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ነገ በተጨመረ ዋጋ የሚገዛው ዕቃ ነው። የቤቱ ድርሻ ከሁሉም በኋላ የሚተርፈው ነው። ግን ቀድሞ የሚወስደው ቤቱ ነው። የተመለሰው ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ሥራ ይህንን ብር ለየባለቤቱ መለየት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቅርንጫፉም ሶፍትዌሩም ይቆያሉ።

መለየቱ የሚጀምረው ገና ከባንኩ ሲወጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ይህ ቀላሉ ነው። የባንክ ሠራተኛን የሚይዘው የሠራተኛ ብድር ነው። ባንኮች ለራሳቸው ሰዎች የቤትና የመኪና ብድር ከገበያው በጣም ባነሰ ወለድ ይሰጣሉ። ሲለቁ፣ እንደየውሉ፣ ቀሪው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል ወይም ወለዱ እንደማንኛውም ደንበኛ ይሆናል። ቀሪው ዕዳ 2,000,000 ብር ቢሆንና ወለዱ ከ7 ወደ 17 በመቶ ቢዘል፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ልዩነቱ 200,000 ብር ገደማ ነው፤ በወር ከ16,000 ብር በላይ። ይህን የሚከፍለው ሱቁ ነው፤ ሱቁ ግን ስለዚህ ዕዳ የተነገረው ነገር የለም። ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት የብድር ውሉ የሥራ መቋረጥ አንቀጽ ይነበብ፣ አዲሱ ወርኃዊ ክፍያ ይሰላ፣ ቁጥሩ ለአባትና ለእናት በግልጽ ይነገር። ጡረታውም አለ። ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲያስገቡለት የቆየው መዋጮ ይቆማል፤ የጡረታ አበል ደግሞ ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይፈልጋል። ሰባት ዓመት ሠርቶ የሚወጣ ሰው ቤተሰቡ በይፋ በደመወዝ ካልቀጠረው ቆጠራው እዚያው ላይ ይቆማል።

ሱቅ ከገባ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሦስት ወራት የቆጠራ ናቸው። ምንም ነገር መቀየር የለበትም። ሃያ ዓመት መጋዘኑን የያዘው ጋሼ ማን ምን እንደወሰደ ያለ ወረቀት ያስታውሳል፤ እሱን ሳያስከፉ አብሮ መቁጠር እንጂ በላዩ ላይ መቁጠር አይሆንም። ቆጠራው ራሱ የሙያ ዕውቀት ይፈልጋል። ፌሮ ከፋብሪካ በኪሎ ይገዛል፣ ለደንበኛ በቤርጋ፣ ማለትም በዘንግ ቆጠራ፣ ይሸጣል። የአንድ ሜትሩ ክብደት የሚገኘው ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። ባለ 12ቱ በሜትር 0.888 ኪሎ፣ 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ቶን ወደ 94 ቤርጋ ይወጣዋል። ባለ 8ቱ 4.74 ኪሎ፣ በቶን 211 ገደማ። ባለ 16ቱ ወደ 19 ኪሎ፣ በቶን 53 ያህል። ቶን ተብሎ የመጣ ባለ 12 ሲቆጠር 100 ቤርጋ ከሆነ፣ እያንዳንዱ 10 ኪሎ ብቻ ነው፤ ከ6 በመቶ በላይ ቀጥኗል ማለት ነው። ሱቁ በቤርጋ ስለሚሸጥ ስድስት ቤርጋ በነፃ ያገኘ ይመስለዋል። ሳይት ላይ ያለው መሐንዲስ ሚዛን ላይ ሲያወጣው ግን ጭነቱ ይመለሳል፤ የመኪናውም የጫኝና አውራጁም ሂሳብ ሁለት ጊዜ ከሱቁ ይወጣል፤ ኮንትራክተሩም ሌላ በር ያንኳኳል። በተቃራኒው ሱቁ ራሱ በቤርጋ ገዝቶ ከሆነ ጉድለቱ ከመጀመሪያው የራሱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭነት ሲወርድ በኪሎም በቤርጋም ይመዝገብ።

ቆርቆሮ ላይ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 32 ጌጅ ከ28ቱ ይሳሳል፣ ይረክሳልም። መዝገቡ ላይ ‘ቆርቆሮ፣ 400’ ተብሎ ከተጻፈ ዋጋውን ማስላት አይቻልም። ሲሚንቶ በኩንታል ይወራል፣ በ50 ኪሎ ከረጢት ይመጣል፤ ከወለሉ በእንጨት ከፍ፣ ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ፣ የቆየው ቀድሞ እንዲወጣ ካልተደረደረ ክረምት ላይ የታችኛው ረድፍ ይጠጥራል። የጠጠረ ሲሚንቶ በቆጠራ ወረቀት ላይ ንብረት ነው፣ በገበያ ላይ ግን ቆሻሻ ነው። ለብቻው ተጽፎ ከዕቃው ዋጋ ይቀነስ።

ቆጠራው እንዳለቀ ጠብ የሚነሳው በዋጋ ነው። የተማረው ‘ዕቃ መቆም የለበትም፣ ይሸጥና ይዙር’ ይላል። አባት ዋጋ ሲነቃነቅ ካዩ እጃቸውን ይሰበስባሉ። በዚህ ጠብ ውስጥ ከግማሽ በላይ ትክክል የሆኑት አባት ናቸው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ዋጋ ለሚረጋበት አገር ነው። በቁጥር እንየው። 100 ቤርጋ እያንዳንዱ በ900 ብር ተገዝቶ በ1,000 ተሸጠ እንበል። ደብተሩ 10,000 ብር ትርፍ ይላል። ከዚህ ላይ በከፍተኛው የ35 በመቶ መጣኔ 3,500 ብር ታክስ፣ ለቤት ደግሞ 4,000 ብር ቢወጣ የሚቀረው 92,500 ብር ነው። አዲሱ የፋብሪካ ዋጋ 1,050 ከሆነ በዚህ ብር የሚገዛው 88 ቤርጋ ነው። አተረፍን እያልን አሥራ ሁለት ቤርጋ ጠፋ። ታክሱ የሚሰላው በ900ው ነው፣ ሱቁ የሚኖረው በ1,050ው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ መጋዘኑ ሙሉ የነበረ ሰው ሳይወድቅ ቆመ፤ ካፒታሉን በዱቤ በትኖ የነበረ ብሩን ሲሰበስብ የሸጠውን ያህል ዕቃ መተካት አቃተው።

መውጫው መደበቅ አይደለም፤ ዕቃ ማከማቸትና ‘አልቋል’ ማለት በነጋዴዎች ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያስጠይቃል፣ ታማኝ ደንበኛንም ያስኮርፋል። የሚሻለው በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ብዙ ለሚሸጡት አሥራ አምስት ዓይነት ዕቃዎች የመተኪያ ዋጋ መጠየቅ፣ የመሸጫውን ዋጋ ከገዛንበት ሳይሆን ከዚያ ተነሥቶ ማውጣት፣ ከሽያጩም የመተኪያውን ያህል ለሌላ አካውንት ማሻገር ነው። ያ አካውንት የዕቃው ነው፤ ሠርግም ቢደርስ አይነካም። (ሠርግ ይደርሳል።)

ዕቁብ ላይ ምሩቃን ይቸኩላሉ። ወለድ የሌለው የኋላ ቀር ቁጠባ ነው ይሉና እንውጣ ይላሉ። ከመውጣታቸው በፊት ይቁጠሩት። ሃያ አባላት፣ በሳምንት 10,000 ብር፤ ዕጣው 200,000 ብር ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ዳኛው ስለሚወስድ ከሁለተኛው እንነሣ። ሁለተኛ የደረሰው ሰው ዕጣውን በ8,000 ብር ለመጨረሻው ተረኛ ቢሸጥ፣ ገዢው ዛሬ 192,000 ብር አግኝቶ ከ18 ሳምንት በኋላ ይደርሰው የነበረውን 200,000 ለቀቀ። በዓመት ሲመታ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ያለ መያዣ፣ ያለ ግምት ክፍያ፣ ያለ ወረፋ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ ኦቨርድራፍት (ከሂሳብ በላይ እንዲያወጡ ባንክ የሚፈቅደው ብድር) ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ሱቆች ምን እንደገጠማቸው የብድር ክፍል ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። የዕቁቡ አደጋ ሌላ ነው፦ መጨረሻ የሚወስድ ሰው የዋጋ ንረቱን ይሸከማል፣ የወሰደና የጠፋም አለ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የዳኛው ማንነት፣ ዋሱ፣ እና ሱቁ በአማካይ በስንተኛው ዙር እንደሚወስድ ነው። ሱቁ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወስድ ከሆነ ለሌሎች በነፃ እያበደረ ነው። ሳምንታዊው መዋጮ ደግሞ ‘ወጪ’ ተብሎ እንዳይመዘገብ፤ የሱቁ ሀብት ነው፣ ዕጣው እስኪደርስ ሌላ ሰው እጅ ላይ ያለ።

ዱቤ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ደብተሩ ላይ ስምና ብር አለ፣ ቀን ግን የለም። ሥራው ቀላል፣ ግን አሰልቺ ነው፦ ያለውን ዱቤ በሙሉ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ61 እስከ 90፣ ከዚያም በላይ ብሎ በአራት ዓምድ መክፈል። ከ90 በላይ ያለው ዓምድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ፣ የአገር ልጅና ሥራ የቆመበት ኮንትራክተር ይገኛሉ። ሦስቱ አንድ ዓይነት አያያዝ አይያዙም። ኮንትራክተሩ ገንዘብ የሚያገኘው አሠሪው የክፍያ ሰርተፍኬት (የተሠራውን ሥራና የሚከፈለውን ብር የሚያሳይ ሰነድ) ሲያጸድቅለት ነው፤ ስለዚህ ‘መቼ ትከፍለኛለህ?’ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፣ ‘ስንተኛው ሰርተፍኬት የት ደረሰ? ማን ጋ ተቀምጧል?’ ማለት ይጠቅማል። የሚቀጥለው ጭነትም ያለፈው ሰርተፍኬት ሲከፈል ይውጣ። ለዘመድ የተሰጠውንና የማይመለሰውን አባት በራሳቸው አፍ ‘ይህ ስጦታ ነው’ ብለው ከደብተሩ ይሰርዙት፤ ከቤቱ ድርሻ ግን ይቀነስ። ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት ቼክ እንደ ዋስትና መያዝ መርካቶ የለመደው ነገር ነው። ሕጉ ግን ቼክን ባቀረቡት ቀን የሚከፈል ያደርገዋል፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቀን ባይደርስም፤ በቂ ገንዘብ ሳይኖር መቁረጡ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል። በዚህ ማስፈራራት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ የከሰሱት ደንበኛ ግን ተመልሶ አይመጣም፣ ወሬውም ከተራው ያልፋል።

ደረሰኝ፣ የተማረው ልጅ በእርግጥ ጠቃሚ የሚሆንበት ቦታ ነው። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ፤ ከጩኸቱ ጀርባ ያለውን ሒሳብ ግን ብዙ ሰው ቁጭ ብሎ አልሠራውም። ዕቃው በደረሰኝ 100 ብር፣ ከ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 115 ነው እንበል። 15ቱ ብር ሱቁ በየወሩ ታክሱን ሲያስታውቅ ከደንበኛ ከሰበሰበው ታክስ ጋር ይካካሳል። 100ው ወጪ ሆኖ ስለሚያዝ፣ ሱቁ 30 በመቶ የሚከፍል ኩባንያ ከሆነ፣ 30 ብር ታክስ ይቀንሳል። ዕቃው የወጣበት ዋጋ 70 ብር ነው። ያለ ደረሰኝ በ90 ብር ‘በርካሽ’ የተገዛው ግን አይካካስም፣ ወጪ ሆኖም አይያዝም፤ 90 ብር ወጥቶበት 90 ብር ሆኖ ይቀራል፣ ሲሸጥም ታክሱ በሙሉ ዋጋው ላይ ይሰበሰባል። ርካሹ በ20 ብር ተወደደ። ይህ የሚሠራው ሱቁ የሸጠውን በሙሉ በካሽ ሬጂስተር ካስመዘገበ ነው፤ ሽያጩን የሚደብቅ ሱቅ ሌላ ሒሳብ ነው ያለው፣ እሱም ኦዲት እስኪመጣ ድረስ ብቻ ይሠራል። ከደንበኛ የተሰበሰበው 15 በመቶ በዚያው ቀን ለብቻው ይቀመጥ። መሳቢያ ውስጥ ከተደባለቀ ወር ሳይሞላ ፌሮ ይገዛበታል።

ወደ ቤት እንምጣ። አብዛኛው ልጅ የሚሸሸው ይህን ነው። ከመሳቢያ የትምህርት ቤት ክፍያ ይወጣል፣ ለዕድር ይወጣል፣ ለተዝካር፣ ለቤተክርስቲያን ወይም ለመስጊድ፣ ከገጠር ለሚመጣ እንግዳ መሳፈሪያ ይወጣል። ማንም አይመዘግበውም፣ መዝግቡ ማለትም እንደ ክስ ይሰማል። መከልከል አያስፈልግም፣ አይቻልምም። መሳቢያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ማስቀመጥ ነው፦ ቀን፣ ብር፣ ‘ለቤት’። ለምን እንደሆነ አይጻፍ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ነው ሰው የሚቀየመው። ሦስት ወር ተሰብስቦ ሲደመር ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ አማካዩ ይወሰድና በየወሩ መጀመሪያ ለእናት በአንድ ጊዜ ይሰጥ። ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው፤ ከመሳቢያው ቁንጥር ቁንጥር ከመጠየቅ ይህ ለክብራቸውም ይሻላል። የልጁ ደመወዝም እንዲሁ የተቆረጠ ይሁን። የባንክ ደመወዙን ያህል መሆን የለበትም፤ ያለ ደመወዝ ‘ሁሉም ያንተ ነው’ ተብሎ የሚሠራ ግን ሚስት ሲያገባ፣ ወንድሙ ከውጭ ሲመለስ፣ ምን ያህሉ የእሱ እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አይችልም።

እዚህ ላይ ሕጉ ይገባል። አብዛኛው ሱቅ በአባት ስም የግለሰብ ንግድ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ነው፤ አንዱ ወላጅ ሲሞት ግማሹ በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ነው፣ ሌላው ግማሽ ኑዛዜ ከሌለ ለልጆች እኩል ይከፋፈላል። ሱቁ ላይ አሥር ዓመት የቆመውም ካናዳ ያለውም እኩል። ፌሮ ግን እኩል ተከፍሎ ሱቅ ሆኖ አይቀጥልም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሳይቀር ስለፈቀደ፣ አባት ሱቁን ወደ ኃ.የተ.የግ.ማ. ቀይረው ድርሻ በጽሑፍ የሚያካፍሉበት መንገድ አለ። የሚሠራ ልጅ በሠራው ደመወዝ፣ ሁሉም ልጅ በድርሻው ትርፍ ይወስዳል። ይህ ንግግር አባት ታመው ሳይሆን ጤነኛ ሆነው፣ ቢቻል ሽማግሌ ተቀምጦ የሚደረግ ነው።

ዋስትና ደግሞ ለብቻው ይታይ። የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ ይባላል፤ በሕጉ ወራሽ ከውርሱ በላይ በራሱ ንብረት ለሟች ዕዳ አይጠየቅም። የተማረው ልጅ ባንኩን ስለሚያውቅ የሱቁ ብድር ላይ በዋስነት ሲፈርም ግን ተረቱ ሕጉን ያሸንፋል። ባለትዳር ከሆነ ደግሞ ከ500 ብር በላይ መበደርም ዋስ መሆንም የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል፤ የቤተሰብ ሕጉ ቁጥር ዛሬ ያስቃል፣ መርሑ ግን አለ። ሚስት ሳታውቅ የተፈረመ ዋስትና ከባንኩም ከቤቱም ጋር ያጣላል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ የመጋዘን ዕቃን ጨምሮ፣ መያዣ አድርጎ መመዝገብ ፈቅዷል፤ ቤቱን ከማስያዝ በፊት ይህን የሚቀበል ባንክ ይፈለግ። የድሮ የሥራ ባልደረቦች ለዚህ ይጠቅማሉ።

የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሂሳብ የሚይዙት ግብር ከፋዮች ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃሉ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሱቁ ተዘግቶ እንደገና ይቆጠር፤ ዘንድሮ ግን በብር ሳይሆን በቤርጋ፣ በኩንታል፣ በሉህ። ባለ 12ቱ አምና ስንት ነበር፣ ዘንድሮስ? ከዱቤው ከ90 ቀን በላይ ያለው ስንት ሆነ? ለቤት የወጣው ከተቆረጠው አልፏል ወይ? የቤርጋው ብዛት ከቀነሰና ዱቤው ከጨመረ፣ ትርፍ አለ ቢባልም ሱቁ እየተበላ ነው፤ ሁለተኛ ቅርንጫፍ የሚለው ነገርም ለሌላ ሐምሌ ይቆይ።